የአንድ ሺህ ሰዓት አምፖል

በ1924 እ.ኤ.አ. መገባደጃ የጀርመኑ ኦስራም፣ የኔዘርላንዱ ፊሊፕስና ሌሎች ታላላቅ አምፖል አምራቾች ጄኔቫ ላይ ፊበስ የተባለውን ካርቴል፣ ማለትም ምርትንና ዋጋን ተስማምተው የሚወስኑና ገበያን የሚከፋፈሉ ተፎካካሪዎች ማኅበር መሠረቱ፤ የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክም በባሕር ማዶ ተባባሪዎቹ በኩል እጁን አስገብቶበት ነበር። ማኅበሩ ቀድሞ ከ1,500 እስከ 2,000 ሰዓት ይበራ የነበረው የቤት አምፖል ዕድሜ 1,000 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ወሰነ፤ ከየፋብሪካው የሚላከውን ናሙና ስዊዘርላንድ ውስጥ እያስፈተሸም ከልኩ የወጣውን አባል በገንዘብ ይቀጣ ነበር።

ብዙዎች ይህን ልክ ተጠቃሚን ለመበዝበዝ ብቻ የተፈጠረ አድርገው ያቀርቡታል፤ የአምፖሉ አሠራር ግን ፍርዱን ሙሉ በሙሉ አይደግፍም። ባለ ክር አምፖል የሚያበራው ቱንግስተን ከተባለ ብረት የተሠራ እጅግ ቀጭን ሽቦ እስከ 2,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲግል ነው፤ ሽቦው ይበልጥ በጋለ ቁጥር ከሚፈጀው ኃይል ወደ ብርሃን የሚለወጠው ድርሻ ያድጋል፣ ብረቱ ግን እየተነነ ቶሎ ይበጠሳል። ቮልቴጁ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን በሽቦው ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ግፊት፣ በ5 በመቶ ዝቅ ቢል የአምፖሉ ዕድሜ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ሆኖም የሚፈጀው ኃይል በ8 በመቶ ገደማ ብቻ ሲቀንስ ብርሃኑ በ15 በመቶ ገደማ ስለሚደክም፣ ክፍሉን እንደ ቀድሞው ለማድመቅ ተጨማሪ አምፖል ማብራት ግድ ይሆናል። ባለ 100 ዋቱ አምፖል በ1,000 ሰዓት 100 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚፈጅ፣ የቤተሰቡን ኪስ ይበልጥ የሚጎዳው ከአምፖሉ ዋጋ ይልቅ የቆጣሪው ሒሳብ ነበር። የእንግሊዝ የሞኖፖል አጣሪ ኮሚሽንም በ1951 ባወጣው ዘገባ 1,000 ሰዓት ለአብዛኛው አገልግሎት ተገቢ ልክ መሆኑን ተቀብሏል።

እርግጥ አምራቾቹ ይህን የወሰኑት ለተጠቃሚው አዝነው አልነበረም፤ አዝነው ቢሆን ኖሮ የአምፖሉን ዕድሜና የብርሃኑን መጠን በማሸጊያው ላይ ጽፈው ምርጫውን ለገዢው በተዉለት ነበር።

ካርቴሉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢፈርስም፣ በዕድሜና በብርሃን መካከል የነበረው ሽሚያ ከክሩ ጋር አብሮ ቆየ። በ1980 ፊሊፕስ ለገበያ ያቀረበው ቆጣቢ አምፖል፣ ማለትም በጋዝ በተሞላ ቱቦ የሚያበራው፣ ሽሚያውን አላላው፤ ከዚያ የመጣው ኤል ኢ ዲ ደግሞ 9 ዋት ያህል እየፈጀ የባለ 60 ዋቱን ብርሃን ስለሚሰጥና ከ15,000 ሰዓት በላይ ስለሚያገለግል ጨርሶ አስቀረው። የአውሮፓ ኅብረትም ባለ ክሩን የቤት አምፖል ከ2009 እስከ 2012 ደረጃ በደረጃ ከገበያ አስወጥቶታል።