ለራሷ ያወረደችው ሙሾ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዕለቱ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ጋ ኅዳር ሚካኤል ይነግሣል። ዳላስ ላይ ግን ጥይት ጮኸ። ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ክፍት መኪና ውስጥ ከሚስቱ አጠገብ እንደተቀመጠ ተመታ። ዣክሊን 34 ዓመቷ ነው። የሁለት ቀን ጨቅላዋን ከቀበረች ገና አራት ወር አልሞላትም።

ሮዝ ልብሷ በደም ርሷል። «ቀይሪው» ቢሏት እምቢ አለች። የሠሩትን ይዩት ብላ፣ ደሙ እላይዋ ላይ እንደደረቀ ዋሽንግተን ገባች።

ያቺው ሴት ናት እንግዲህ ቀብሩን የመራችው። የአብርሃም ሊንከን ቀብር እንዴት እንደነበረ ይጠናልኝ አለች። ሰው ያልተቀመጠበት ጥቁር ፈረስ ይከተል፣ መቃብሩ ላይ የማይጠፋ እሳት ይንደድ አለች። ኅዳር 15 ቀን ከዋይት ሐውስ እስከ ቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል በእግሯ ሄደች። ከኋላዋ የዓለም መሪዎች ተከተሉ፤ ከፊተኞቹ መካከል ረጅሙ የፈረንሳይ መሪ ደጎል፣ እዚያው ጎናቸው የእኛው ጃንሆይ። መስከረም 20 ቀን ባልና ሚስቱ ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ተቀብለዋቸው ነበር፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ለቀብር ተመለሱ። እሳቸውም እቴጌ መነንን ከቀበሩ ሁለት ዓመት አልደፈኑም። ከቀብሩ በኋላ ለብቻቸው ከተቀበለቻቸው ጥቂት እንግዶች አንዱ ጃንሆይ ናቸው። ሐዘንተኛ ከሐዘንተኛ ጋር ተገናኘ።

ባሏ በሞተ በሰባተኛው ቀን ደግሞ ዣክሊን ቴዎዶር ዋይት የሚባለውን ጋዜጠኛ አስጠራችው። ዝናብና ነፋስ እየመታው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለው ቤታቸው ደረሰ። ባሏ ማታ ማታ በሸክላ ስለሚሰማው ሙዚቃ ነገረችው፤ የንጉሥ አርተርን አገር፣ የካሜሎትን ዘመን የሚያነሣ ነው። የባሌ ዘመን እንዲህ ነበር አለችው። ሌሊቱን ዋይት የጻፈውን ተቀብላ እርሳስ አነሣች፤ ሰረዘች፣ ጨመረች። የላይፍ መጽሔት አዘጋጆች ካሜሎት በዛ ሲሉ፣ አይነካም አለች። አልተነካም። «ካሜሎት» እስከ ዛሬ የኬኔዲ ዘመን ስም ሆኖ ቀረ።

ዋይት ራሱ ኋላ ላይ ያ ካሜሎት ከቶ እንዳልነበረ ጽፏል። እውነቱን ነው፤ ያ ዘመን ተረት አልነበረም፣ ስንት ጉድለት ነበረበት። ግን እሷን ውሸታም ለማለት አንደበቴ አይታዘዘኝም። እኛ አገር ሐዘንተኛዋ ደረቷን ስትመታ፣ የሟችን ሙያ እየመረጠች የምታወርድላት አልቃሽ አለች። አልቃሽን የሟቹን ጥፋት ለምን አላነሣሽም የሚላት የለም። ዣክሊን አልቃሽ አልነበራትም፤ ሐዘንተኛዋም አልቃሿም ራሷ ነበረች።

በዚያው ዓመት ከታሪክ ጸሐፊው ከአርተር ሽሌሲንጀር ጋር ተቀምጣ ስለ ባሏ በቴፕ ተናገረች። ቃሉ ታሽጎ ኖሮ፣ እሷም ከሞተች በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። እዚያ ቴፕ ላይ የሕፃን ድምፅ አለ። ትንሹ ጆን ነው፤ በሦስተኛ ዓመት ልደቱ፣ በቀብሩ ዕለት፣ ለአባቱ ሬሳ ወታደራዊ ሰላምታ የሰጠው። ሽሌሲንጀር አባትህ ምን ሆነ ይለዋል። ሰማይ ቤት ሄደ ይላል። ታስታውሰዋለህ? አዎ ይላል ልጁ። ምኑን ታስታውሳለህ?

ምንም አላስታውስም።