የእፎይታ ጊዜ

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ፣ በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሪት የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠመች። ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ወጣቱ ግብ ጠባቂ ጀማል ጣሰው ክልሉን ለቅቆ ወጣ፤ እግሩን አንሥቶ ከአንድ የዛምቢያ ተጫዋች ጋር ተጋጨና ቀይ ካርድ ታየበት። ዛምቢያ ከዕረፍት በፊት አገባች። በ10 ሰው የቀሩት ልጆቻችን ግን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጡ።

በማግሥቱ ሶዶ ከተማ ለሁለት ተከፈለች። ቁርጥና ዳጣ በቀረበበት ገበታ ሁሉ ወሬው ያው ነበር። አንደኛው ወገን «ይህን ልጅ ማን አሰለፈው? ይቀየር!» ይላል፤ ሁለተኛው «ልጅ ነው፤ ጊዜ ስጡት» ይላል። እኔ በዕድሜዬም በጠባዬም ከሁለተኛዎቹ ወገን ነበርሁ። ዛሬ ሳስበው ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ የሚቀየርበት ሰው የት አለ? ቡድኑ በዚያ ውድድር በሦስት ጨዋታ ሦስት ግብ ጠባቂዎችን አሰለፈ። ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው የመጨረሻው ጨዋታ ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ሲወጣ፣ ቅያሪው አልቆ ስለነበር የሜዳ ተጫዋቹ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ግቡ ላይ ቆመ። ብዙ ጊዜ ትዕግሥት ብለን የምንጠራው አማራጭ ማጣትን ነው።

ሥራዬ ባንክ ውስጥ ስለሆነ ነገሩን በብድር ቋንቋ ማየት ይቀናኛል። ችግኝ ለሚተክል ገበሬ የሚሰጥ ብድር የእፎይታ ጊዜ አለው፤ ተክሉ ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ ዋናው ገንዘብ አይጠየቅም። ይህ ጊዜ ግን በውሉ ላይ በቀን ተቈርጦ ይጻፋል፤ አበዳሪውም ተበዳሪውም ያውቁታል። የእግር ኳስ ደጋፊ ለወጣት ተጫዋች እፎይታ ሲሰጥ ቀኑን አይጽፍም። ቅዳሜ የሰጠውን እሑድ ከቀትር በኋላ ይነጥቃል።

አሜሪካኖች በእጅ በሚጫወቱት እግር ኳሳቸው ይህንኑ ክርክር በየዓመቱ ያነሣሉ። የእነርሱ ጨዋታ ኳርተርባክ በሚሉት ኳስ አከፋፋይ ላይ የቆመ ነውና፣ ቡድኑ ሲሸነፍ ጣት የሚቀሰረው ወደ እርሱ ነው፤ ልክ እንደ ግብ ጠባቂ ስሕተቱን የሚሸሽግበት ሥፍራ የለውም። በ1989 እ.ኤ.አ. የዳላስ ቡድን ትሮይ ኤይክማን የተባለ ወጣት አሰለፈ። በዚያ ዓመት ከጀመራቸው 11 ጨዋታዎች አንዱንም አላሸነፈም። እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ግን የአገሩን ታላቅ ዋንጫ ሦስት ጊዜ አነሣ። ታገሡ የሚሉ ሁሉ ይህን ታሪክ ይወዱታል። ሆኖም ተታግሠው ምንም ያልሆኑት ተጫዋቾች ታሪክ ስለማይጻፍ፣ ምሳሌው ከሚገባው በላይ ያሳምናል።

ወደ አገራችን ልመለስ። ወላይታ ድቻ በ2001 ዓ.ም. ተመሥርቶ በ2006 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገባ። ደጋፊው «የጦና ንቦች» ይለዋል፤ በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክን ጦር በተቋቋመው በካዎ ጦና ስም። (ለእግር ኳስ ቡድን የተሸነፈ ንጉሥ ስም መምረጥ፣ ማሸነፍን ብቻ የማያመልክ ሕዝብ ሥራ ይመስለኛል።) በበጀት ከአዲስ አበባ ታላላቆች ጋር የማይተካከል ክለብ ያለቀለት ኮከብ ገዝቶ ሊኖር አይችልም፤ ያልታወቀውን ያሰልፋል፣ ይጠብቃል። በ2009 ዓ.ም. በአሰልጣኝ መሳይ ተፈሪ መሪነት የኢትዮጵያን ዋንጫ ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የዛንዚባሩን ዚማሞቶን አልፎ፣ አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን ከሆነው ከግብፁ ዛማሌክ ጋር ተገናኘ። ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ የነበረው ዘነበ ፍስሃ ነበር። የትዕግሥት ሰባኪዎችን ይህ ትንሽ ሊያስጨንቃቸው ይገባል፤ ዋንጫውን ያመጣውና ዛማሌክን የገጠመው አንድ ሰው አይደለም።

በየካቲት 2010 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ ድቻ 2 ለ 1 አሸነፈ። በመጋቢት ካይሮ ላይ በዚያው ውጤት ተሸነፈ፤ ጨዋታው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት አመራ። ዕድሜው አሥር ዓመት ያልሞላ ክለብ በግብፅ ምድር 4 ለ 3 አሸንፎ ወጣ።

ያን ሰሞን ከተማው ሲጨፍር እኔ የማስበው ግን ስለ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነበር። ስሙን አልጽፈውም። ለአንድ የሰፈር ቡድን ግብ ጠባቂ ነበር፤ ረጃጅም እጆች፣ ፈጣን ዐይን። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ቀላል ኳሶች አመለጡት። ከሜዳው ዳር በእናቱ ስም ሰደቡት። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም፤ ከዚያም ወዲህ መጥቶ አያውቅም። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፤ ደስተኛም ይመስላል፤ ስለ ኳስ ግን ተሳፋሪ ሲያነሣበት ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። የሰደቡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። እሑዳቸው እንዲያምርላቸው የሚፈልጉ፣ ሳምንቱን ሙሉ የደከሙ ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ወደ አበዳሪው ያደላል፤ ለወጣቱ ከወቅቱ መጀመሪያ አንሥቶ የታወቀ ቀን ይሰጠው፤ እስከዚያ ቀን ማንም አይጠይቀው፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ያለ ስድብ ይጠየቅ። ይህን ስነግራቸው ጓደኞቼ ይሥቁብኛል፤ «ኳስ እንደ ባንክ በውል አይሄድም» ይሉኛል።

ከካይሮው ድል ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ድቻ ዳሬሰላም ላይ በያንግ አፍሪካንስ 2 ለ 0 ተረታ። ሐዋሳ ላይ በመልሱ 1 ለ 0 ቢያሸንፍም አልበቃውም፤ ከውድድሩ ወጣ። በመጋቢት ሲጨፍሩ ካየኋቸው ሰዎች አንዳንዶቹ በሚያዝያ «ይቀየር!» ሲሉ ሰማኋቸው።