ሠራተኛው ቀድሞ የሚከፍልበት ሥራ፦ ከቤት የሚሠራ ሥራና የማጭበርበር ታሪኩ በአሜሪካ

ከቤት ሳይወጡ ጥሩ ገቢ ማግኘት ይቻላል የሚል ማስታወቂያ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጨረሻ ሩብ ጀምሮ በአሜሪካ ጋዜጦችና መጽሔቶች፣ ኋላም በኮምፒውተርና በስልክ ላይ ተቋርጦ አያውቅም። ከእነዚህ ማስታወቂያዎች ከፊሉ እውነተኛ ሥራ የሚያቀርብ ሲሆን፣ ከፊሉ ግን ሥራ ፈላጊውን ራሱን እንደ ገበያ የሚቆጥር፣ ማለትም ትርፉን ከሚሠራው ሥራ ሳይሆን ከሠራተኛው ኪስ የሚያገኝ የማጭበርበር ዘዴ ነው። ሁለቱ ለረዥም ዘመን ጎን ለጎን ስለኖሩና ሐሰተኛው የእውነተኛውን ቃልና መልክ ስለሚዋስ፣ አንዱን ከሌላው ለመለየት የሁለቱንም ታሪክ አብሮ መመርመር ያስፈልጋል። ታሪኩ ሲመረመር የማጭበርበሪያው መሣሪያ ከደብዳቤ ወደ ባንክ ቼክ፣ ከቼክም ወደ ስልክ መተግበሪያ ቢለዋወጥም፣ ገንዘቡ ከሠራተኛው ወደ «አሠሪው» የሚሄድበት አቅጣጫ ግን ከ100 ዓመታት በላይ እንዳልተለወጠ ግልጽ ይሆናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ስለ ኢትዮጵያ ሕግ ከሚነገረው በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

እውነተኛው ከቤት የሚሠራ ሥራ በአሜሪካ የኢንዱስትሪ ታሪክ ውስጥ ሰፊ ቦታ ነበረው። ነጋዴው ወይም ፋብሪካው ጥሬ ዕቃውን ለሠራተኛዋ ያስረክባል፤ እርሷም በቤቷ ሰፍታ፣ ጠቅልላ ወይም ገጣጥማ ትመልሳለች፤ ክፍያዋም በሰዓት ሳይሆን በቁርጥ፣ ማለትም ሠርታ ባስረከበችው ዕቃ ብዛት ይታሰባል። በ1880ዎቹ በኒው ዮርክ በተጨናነቁ የኪራይ ቤቶች ውስጥ ከቦሄሚያ የመጡ ስደተኛ ቤተሰቦች ሲጋር ይጠቀልሉ ነበር፤ የግዛቲቱ ምክር ቤት ይህን አሠራር በ1884 በሕግ ቢከለክልም፣ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1885 ሕጉን ሽሮታል። ጋዜጠኛው ጄኮብ ሪስ በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ የእነዚህን ቤተሰቦች ኑሮ ለሕዝብ ያሳየ ሲሆን፣ ፎቶግራፍ አንሺው ሉዊስ ሃይን ደግሞ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እናቶችና ትናንሽ ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሰው ሠራሽ አበባ ሲሠሩና ለውዝ መሰል ፍሬዎችን ሲፈለፍሉ በካሜራው አስቀርቷል። ክፍያው እጅግ አነስተኛ፣ የሥራው ሰዓትም ከንጋት እስከ ሌሊት የሚዘልቅ ነበር፤ የቤቱን ኪራይና የመብራቱን ወጪ የምትሸፍነውም ሠራተኛዋ ራሷ ነበረች። ይህ ሥራ ብዝበዛ የሞላበት መሆኑ ባያጠራጥርም፣ ሳንቲሙ ቢያንስም ከአሠሪው ወደ ሠራተኛዋ ይሄድ ነበር፤ የተጠቀለለው ሲጋርና የተሠራው አበባም በእርግጥ ገዢ ነበረው።

ሐሰተኛው ሥራ የተስፋፋው ይህን ልማድ ተንተርሶ ሲሆን፣ መንገዱን የጠረገለት የፖስታ አገልግሎት ማደግ ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በ1864 የገንዘብ ማስተላለፊያ ሰነድ መስጠት ጀመረ፤ በ1879 የወጣው ሕግ መጽሔቶችና ጋዜጦች በርካሽ ዋጋ እንዲላኩ ፈቀደ፤ ከ1896 ጀምሮ ደግሞ በዌስት ቨርጂኒያ የተጀመረው የገጠር እደላ ደብዳቤን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እስከ ገበሬው ደጃፍ ማድረስ ቻለ። በሜይን ግዛት የምትገኘው ኦገስታ የተባለች ትንሽ ከተማ በዋናነት ለማስታወቂያ ሲባል የሚታተሙ ርካሽ መጽሔቶች ማዕከል የሆነችውም በዚህ ዘመን ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻና በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከዚህችው ከተማና በዚያው ግዛት ከምትገኘው ከፖርትላንድ እየወጡ በመላ አገሪቱ ጋዜጦች ይታተሙ የነበሩ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መስመር ማስታወቂያዎች፣ ቤት ተቀምጦ በቀን 12 ዶላር፣ አንዳንዶቹም በቀን ከ5 እስከ 20 ዶላር ማግኘት እንደሚቻል ይናገሩ ነበር። በዚያ ዘመን የአንድ ተራ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ከአንድ ዶላር ተኩል ብዙም እንደማይበልጥ ሲታሰብ የተስፋው መጠን ምን ያህል የተጋነነ እንደነበረ ይታያል። ከእነዚህ ማስታወቂያዎች በስተጀርባ ሥዕልና መጽሔት እያዞሩ የሚሸጡ ወኪሎችን የሚመለምሉ ነጋዴዎች ቢኖሩም፣ ለአንባቢው ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው ነጥብ ሌላ ነው፤ ማስታወቂያው ገቢውን በቁጥር፣ አድራሻውን በስም ሲገልጽ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ግን አንድም ቃል አይናገርም ነበር። ይህ ዝምታ ዛሬም ድረስ ከማጭበርበር ምልክቶች አንዱ ሆኖ ቀጥሏል።

መንግሥት እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ለመከላከል የተጠቀመበት የመጀመሪያ መሣሪያ የፖስታ ሕግ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ምክር ቤት በሰኔ 1872 ባጸደቀው የፖስታ ሕግ፣ የፖስታ አገልግሎትን ለማጭበርበር ተግባር መጠቀም በፌዴራል ደረጃ የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ፤ ይህም ሕግ፣ ብዙ ጊዜ ቢሻሻልም፣ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። የፖስታ ቤቱ ልዩ ወኪል የነበረው አንቶኒ ኮምስቶክ በ1880 ባሳተመው መጽሐፍ በደብዳቤ የሚፈጸሙ የማጭበርበር ዓይነቶችን ዘርዝሮ ሕዝቡን አስጠነቀቀ። ከዚህም በተጨማሪ የፖስታ ሚኒስትሩ የማጭበርበር ትእዛዝ የተባለ ሥልጣን ተሰጠው፤ ይህም ለአንድ አጭበርባሪ የተላኩ ደብዳቤዎች ለእርሱ ሳይደርሱ፣ የማጭበርበር ጉዳይ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ተመትቶባቸው ለላኪዎቹ እንዲመለሱ የሚያደርግ ነበር። ትእዛዙ ጠቃሚ ቢሆንም፣ አጭበርባሪው ስሙንና አድራሻውን ለውጦ በሌላ ከተማ ሥራውን ለመቀጠል የሚያስፈልገው ጥቂት ቀን ብቻ ስለነበረ፣ ሕጉ ከድርጊቱ ኋላ ኋላ ለመሄድ ተገደደ።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከታወቁት ዘዴዎች ሁለቱ በቅርብ ሊታዩ ይገባል፤ የኋላዎቹ ሁሉ የእነርሱ ልጆች ናቸውና። የመጀመሪያው ደብዳቤን በፖስታ ውስጥ የማሸግ ሥራ የሚባለው ነው። ማስታወቂያው ለእያንዳንዱ የታሸገ ፖስታ የሚከፈለውን ገንዘብ ይጠቅስና፣ ሥራ ፈላጊው ለመመዝገቢያ ወይም ለመመሪያ የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ እንዲልክ ይጠይቃል። ሰውየው ገንዘቡን ሲልክ የሚደርሰው የሚታሸግ ደብዳቤ ሳይሆን አንድ የመመሪያ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም እርሱ ራሱ ተመሳሳይ ማስታወቂያ በጋዜጣ እንዲያወጣ፣ ለሚጽፉለት ሰዎችም ይህንኑ መመሪያ እንዲሸጥ ይነግረዋል። በዚህ ዓይነት ተበዳዩ ኪሳራውን ለማካካስ ሌላ ሰው ከመበደል በቀር ምርጫ እንዳይኖረው ይደረጋል። ብዙ ደብዳቤ የሚልኩ ድርጅቶች በሰዓት ሺሕዎችን የሚያሽግ ማሽን እያላቸው ለአንድ ፖስታ ከፍ ያለ ዋጋ ለሰው ይከፍላሉ ብሎ ማመን እንደማይቻል የፖስታ መርማሪዎች ደጋግመው አስተምረዋል።

ሁለተኛው የዕቃ መገጣጠም ዘዴ ነው። ሥራ ፈላጊዋ የሹራብ መሥሪያ መሣሪያ፣ ወይም የአሻንጉሊትና የጌጣጌጥ መገጣጠሚያ ጥሬ ዕቃ በራሷ ገንዘብ ትገዛለች፤ ድርጅቱም ሠርታ ያጠናቀቀችውን ሁሉ እንደሚገዛት ቃል ይገባል። ነገር ግን ለሳምንታት ደክማ የላከችው ዕቃ ከተፈለገው ጥራት በታች ነው ተብሎ ይመለስላታል፤ አስተካክላ ብትልክም መልሱ ያው ነው። የድርጅቱ ትርፍ የተጠናቀቀው መሣሪያው ወይም ጥሬ ዕቃው የተሸጠላት ዕለት ስለሆነ፣ የተሠራውን ዕቃ የሚቀበልበት ምክንያት የለውም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለው አባባል ለዚች ሴት ተስፋ በትክክል የሚስማማ ነው።

በዚሁ ዘመን እውነተኛው ከቤት የሚሠራ ሥራም የሕግ ቁጥጥር ደረሰበት። በ1938 የወጣው የፍትሐዊ የሥራ ሁኔታ ሕግ በሰዓት 25 ሳንቲም ዝቅተኛ ደመወዝ ሲደነግግ፣ ከቤት የሚሠሩ ሰዎችን ሰዓት መቆጣጠር ስላልተቻለ፣ የሥራ ሚኒስቴር በ1940ዎቹ መጀመሪያ የሴቶች ልብስን፣ ጥልፍን፣ ጓንትንና ጌጣጌጥን ጨምሮ በ7 የኢንዱስትሪ ዘርፎች ከቤት መሥራትን ከለከለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ይህን ሥልጣን በ1945 አጸደቀ። እገዳው በአብዛኛው የተነሣው በ1980ዎቹ ነው። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት የሥራ ሕግ የሚጠብቀው ተቀጣሪን መሆኑ ነው። አጭበርባሪው ግን ተበዳዩን ተቀጣሪ ብሎ አይጠራውም፤ የራሱን ንግድ የሚመራ ነጻ ሰው፣ ወኪል ወይም አባል እያለ ከሥራ ሕጉ ጥበቃ ውጪ ያደርገዋል፤ ቃሉ ክብር የሚሰጥ ቢመስልም የሚያስገኘው ውጤት መብት ማሳጣት ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሞከረው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ በ1914 ሲቋቋም ትኩረቱ በነጋዴዎች መካከል የሚደረግ ፍትሐዊ ያልሆነ ፉክክር ላይ የነበረ ሲሆን፣ በ1938 በተደረገ ማሻሻያ ሸማቹን ከሚያታልል ድርጊት የመከላከል ሥልጣንም አገኘ። በ1978 ያወጣው ደንብ የንግድ ዕድል የሚሸጡ ሰዎች አስቀድመው ዝርዝር መረጃ እንዲሰጡ ቢያስገድድም፣ ተፈጻሚ የሚሆነው ገዢው ቢያንስ 500 ዶላር ሲከፍል ብቻ ነበር፤ ከቤት የሚሠራ ሥራ አጭበርባሪዎች ግን የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ስለነበረ ደንቡ ሳይነካቸው አለፈ። ከመጋቢት 1 ቀን 2012 ጀምሮ የጸናው አዲሱ የንግድ ዕድል ደንብ ይህን የገንዘብ ወሰን አስቀረ። በእርሱ መሠረት ሻጩ ገንዘብ ከመቀበሉ ወይም ውል ከማስፈረሙ ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ ማንነቱን፣ የተመሠረቱበትን ክሶች፣ የገንዘብ መመለሻ ሁኔታውን፣ ከእርሱ የገዙ ሰዎችን አድራሻና ስለ ገቢ የሚናገረው ነገር መኖር አለመኖሩን በአንድ ገጽ የመግለጽ ግዴታ አለበት። የ7 ቀኑ ጊዜ የተመረጠው አጭበርባሪ አጥብቆ የሚሸሸው ነገር የማሰቢያ ጊዜ ስለሆነ ነው፤ ዛሬ ካልከፈሉ ዕድሉ ያመልጣል የሚል ማንኛውም ሰው ከዚህ ደንብ መንፈስ በተቃራኒ የቆመ ነው።

ኢንተርኔት ሲስፋፋ ሁለት አዳዲስ መልኮች ታዩ። አንዱ የሐሰት ቼክ ነው። አዲስ «ተቀጣሪ» ለቢሮ ዕቃ መግዣ የሚሆን ቼክ ይላክለታል፤ ባንክ ያስገባውና ከገንዘቡ ከፊሉን ዕቃ አቅራቢ ነው ለተባለ ሰው እንዲያስተላልፍ ይታዘዛል። በ1987 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ባንኮች ለደንበኛው የገባውን የቼክ ገንዘብ በአጭር ቀናት ውስጥ ወጪ እንዲያደርግ እንዲፈቅዱ ስለሚያስገድድ፣ ሂሳቡ ላይ የሚታየው ገንዘብ እውነተኛ ይመስላል። ሆኖም ገንዘቡ ወጪ መሆን መቻሉ ቼኩ እውነተኛ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ሐሰተኛነቱ ከሳምንታት በኋላ ሲታወቅ ባንኩ ገንዘቡን ከደንበኛው ሂሳብ መልሶ ይወስዳል፤ የተላለፈው ገንዘብ ግን አይመለስም።

ሌላው በዋትስአፕና በቴሌግራም የሚመጣው ጥቃቅን ተግባር የመፈጸም «ሥራ» ነው። ሰውየው መተግበሪያ ከፍቶ የምርቶችን ደረጃ የሚያሳድግ የተባለ ቁልፍ ደጋግሞ ይጫናል፤ በመጀመሪያ አነስተኛ ገንዘብ በእርግጥ ይከፈለዋል፤ እምነቱ ሲጸና ግን ቀጣዩን የተግባር ምድብ ለመክፈት ወይም ተጠራቅሟል የተባለውን ገቢ ለማውጣት የራሱን ገንዘብ በክሪፕቶ ከረንሲ እንዲያስገባ ይጠየቃል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዳስታወቀው በ2020 ስለዚህ ዘዴ አንድም አቤቱታ ያልደረሰው ሲሆን፣ በ2023 5,000፣ በ2024 የመጀመሪያ ግማሽ ዓመት ብቻ ደግሞ 20,000 ያህል አቤቱታ ደርሶታል፤ በዚሁ ግማሽ ዓመት በልዩ ልዩ የሥራ ማጭበርበሮች እንደጠፋ ሪፖርት የተደረገው ገንዘብም ከ220 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ይህ ቅርጽ ድንበር የማያግደው ስለሆነ፣ በአሜሪካ የሚኖረውን ስደተኛም ሆነ ቴሌግራም በስፋት በሚሠራበት ኢትዮጵያ ያለውን ሥራ ፈላጊ ወጣት በእኩል ሊደርስበት ይችላል።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ሕግ ያስቀመጠው መርሕ ሊታወቅ ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሰው ውልን በልዩ የሥራ ውልነት የሚያውቅ ሲሆን፣ አሠሪው ጥሬ ዕቃ ወይም መሣሪያ ለሠራተኛው ሸጦ የተሠራውን መልሶ የሚገዛበት ስምምነትም እንደዚሁ የሥራ ውል ሆኖ እንዲቆጠር ይደነግጋል። ድንጋጌው ከላይ የተገለጸችውን ሹራብ ሠሪ ሴት ከሕግ ውጪ ያደረገውን የስም ለውጥ በር የሚዘጋ ነው፤ ግንኙነቱ ግዢና ሽያጭ ተብሎ ቢሰየምም ሕጉ የሚያየው ሥራውን ነው። በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለልም በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚወጣው መለያ ውስብስብ አይደለም። እውነተኛ አሠሪ ለመመዝገቢያ፣ ለሥልጠና፣ ለዕቃ ወይም የተጠራቀመ ገቢን ለማስለቀቅ ብሎ ከሠራተኛው ገንዘብ አይቀበልም፤ ሥራው ምን እንደሆነ፣ የሚመረተውን ማን እንደሚገዛውና ክፍያው እንዴት እንደሚሰላ በጽሑፍ ለመግለጽም አይቸገርም። ይህን ማወቅ ግን ብቻውን በቂ አይደለም፤ የአጭበርባሪው ዋና ጥላ ከለላ የተበዳዩ ዝምታ ነውና። የሚጠፋው ገንዘብ ለአንድ ሰው ለክስ የማይበቃ፣ ኀፍረቱ ግን አፍ የሚያስይዝ እንዲሆን ተደርጎ የተሰላ ነው። የ2012ቱ ደንብ የወጣው ተታለልን ያሉ ሰዎች ጉዳታቸውን ለመንግሥት ማሳወቃቸው በቂ ማስረጃ ስለፈጠረ ነው። ስለዚህ የተታለለ ሰው የላከውን ደረሰኝና የተጻጻፈውን መልእክት ሳያጠፋ ለባንኩና ለፖሊስ ማቅረቡ፣ ገንዘቡን ባያስመልስለት እንኳ፣ ቀጣዩን ሥራ ፈላጊ የሚጠብቀው ሕግ የሚሠራበትን ማስረጃ ማበርከት ነው።