“ስኬችስ ኦፍ ስፔን”፦ ከገጠር ዋሽንት እስከ ኒው ዮርክ ስቱዲዮ

“ስኬችስ ኦፍ ስፔን” አሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ማይልስ ዴቪስ ከአቀናባሪው ጊል ኢቫንስ ጋር የሠራው አልበም ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 መጨረሻና በ1960 መጀመሪያ ወራት በኒው ዮርክ ከተማ በኮሎምቢያ ኩባንያ ስቱዲዮ ተቀርጾ በ1960 ለአድማጭ ቀርቧል።

ዴቪስ በወቅቱ በአብዛኛው ይጫወት የነበረው እሱን ጨምሮ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ባሉት ቡድን ነበር። ለዚህ ሥራ ግን ኢቫንስ ቡድኑን ወደ 20 ሰዎች ገደማ አሰፋው። በጃዝ እምብዛም የማይሰሙት ኦቦ፣ ባሱንና ሃርፕ ተጨመሩ። መሣሪያዎቹ ብዙ ቢሆኑም ድምፃቸው ዝግ ያለ በመሆኑ ትራምፔቱ ጎልቶ ይሰማል።

አልበሙ አምስት ሥራዎችን ይዟል። ከ16 ደቂቃ በላይ የሚወስደው የመጀመሪያው፣ ስፔናዊው ዓይነ ስውር የሙዚቃ ደራሲ ሆአኪን ሮድሪጎ በ1939 ለጊታር ከደረሰው ሥራ የተወሰደ ነው። ሁለተኛው የማኑኤል ዴ ፋያ ድርሰት ነው። “ሳዬታ” የተሰኘው ደግሞ በአንዳሉሲያ በሰሙነ ሕማማት ሰልፍ ላይ የሚዜመውን መዝሙር ይከተላል፤ የዘማሪዋን ድምፅ ተክቶ የሚያዜመው ትራምፔቱ ነው።

“ዘ ፓን ፓይፐር” የተባለው ሥራ መነሻ ገጠር ነው። በሰሜን ምዕራብ ስፔን በጋሊሲያ፣ ከመንደር መንደር እየዞሩ አሳማ የሚያኮላሹ ባለሙያዎች መድረሳቸውን ለገበሬው የሚያሳውቁት ጎን ለጎን የተደረደሩ ቀዳዳዎች ባሉት ዋሽንት ነበር። አሜሪካዊው የባህል ሙዚቃ ሰብሳቢ አለን ሎማክስ በ1952 ከእነዚህ ባለሙያዎች የአንዱን ዜማ በቴፕ ቀረጸ። ኢቫንስ ለሰፊው ቡድን ያቀናበረው ያንኑ ዜማ ነው።

በአልበሙ ላይ ሥራው የተመዘገበው ግን በኢቫንስ ስም ነው። ዴቪስም ከዓመታት በኋላ በግለ ታሪኩ ዜማው የፔሩ ሕዝብ እንደሆነ ገልጿል። በሌላ በኩል ሮድሪጎ ስሙ በአልበሙ ላይ የሰፈረ ደራሲ ነበርና በድርሰቱ ላይ በተደረገው ለውጥ አለመደሰቱን ማሰማት ችሏል። የዋሽንቱ ባለቤት እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም።

አልበሙ ለዴቪስና ለኢቫንስ በ1961 በጃዝ ድርሰት ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አስገኝቷል። የመንደር ዜማ በሰፊ ቡድን ታጅቦ ውበቱን ጠብቆ ሊዘልቅ እንደሚችል አሳይቷል። ዜማ ሲቀረጽ የባለዜማውና የመንደሩ ስም አብሮ ካልተጻፈ በቀር፣ ባለቤቱ ከታሪኩ ተነጥሎ እንደሚቀርም ያስታውሳል።