የስፌት ፈረስና የአያቴ ጉልበት

ዛሬ ፖለቲካም የለም፣ የመንገድ ቅጣትም የለም። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ያዙ። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ባለፈው ዓመት አገር ቤት ገብቼ ስመለስ እናቴ አንድ የዳዊት ማኅደር በነጠላ ጠቅልላ ሰጠችኝ። የአባቷ ነው። ማንገቻው ተበጥሷል፣ የጎኑም ስፌት ተተርትሯል። ለንደን እንደ ተመለስኩ አንድ ጫማ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውየው አገላብጦ አየውና "በማሽን ብሰፋው ይቀደድብሃል፣ በእጅ የሚሰፋ ፈልግ" አለኝ። ሲመልስልኝ ደግሞ "ይህን የሰፋ ሰው ሥራውን ያውቅ ነበር" ብሎ ጨመረ።

ይህንኑ ደስ ብሎኝ ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ቤት ውስጥ ብቻዋን ሆና ሳለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የሰፋው እኮ አባባ ራሱ ነው። ቆዳ ሠሪ ነበር። ለልጆችህ ግን አትንገር" አለችኝ።

ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። አያቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ ገበሬ ነበር እየተባልኩ ነው ያደግኩት። አሁን ሳስበው ግን አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ከደጅ ቁጭ ብሎ፣ ቆዳ በሁለት ጉልበቱ መሃል ቆንጥጦ፣ ታችኛውን ጫፍ በእግሩ ጣቶች ረግጦ፣ ሁለት እጁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲስብ አይቼዋለሁ። የበሬ ምራን የሚያበጅ ነበር የመሰለኝ።

ማኅደሩን ራሴ ልሰፋው ወሰንኩ። ከሥራ መልስ ጓሮ ካለችው ዕቃ ቤት ገብቼ እንጨት ስቆርጥ ባለቤቴ "ምን ልትሠራ ነው?" አለችኝ። "ፈረስ" አልኳት። እየቀለድኩ አይደለም፣ እንግሊዞች ዕቃውን "የስፌት ፈረስ" ነው የሚሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆዳ በእጅ ሲሰፋ ክሩ አንድ ነው፣ መርፌው ግን ሁለት፤ በክሩ በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ። በወስፌ በተበሳው ቀዳዳ አንዱ መርፌ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ ይገባና ይተላለፋሉ። ከዚያ ሁለቱም እጆች እኩል ይስባሉ። የማሽን ስፌት ሌላ ነው። የላይኛው ክርና የታችኛው ክር ቆዳው መሃል ተቆላልፈው ይመለሳሉ። አንዱ ከተቆረጠ ሌላው የሚይዘው ነገር ስለማያገኝ ይተረተራል። የእጁ ስፌት ግን በአንድ በኩል ቢበጠስ የወዲያኛው ክር ይዞ ይቆያል። ቆዳ የሚወጥረው ፈረስ ወይም የሚሸከመው ክብደት ሲሆን ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሁለቱም እጆች መርፌ ከያዙ ታዲያ ቆዳውን ማን ይይዛል? ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋል። የለንደን ኮርቻ ሠሪዎች ሁለት ዓይነት ሦስተኛ እጅ ነበራቸው። አንዱ "ክላም" ይባላል። ሁለት ጎበጥ ያሉ ጣውላዎች ከታች ተጋጥመው ከላይ እንደ አፍ ይነክሳሉ፣ ሰፊው በጉልበቶቹ መሃል ያጠብቃቸዋል። ሁለተኛው ያ "ፈረስ" ነው። ሰው እንደ ፈረስ የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ሆኖ ከፊቱ የእንጨት ሞርሳ ቆሞለታል። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ጠፍር ይስብና የሞርሳው አፍ ይገጥማል፣ እግር ሲነሳ ይከፈታል። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። አያቴ ክላሙን ገዝቶት አያውቅም እንጂ ጉልበቱ ላይ ነበረው።

ስለ ማሽኑም አንድ ልንገራችሁ። በ1790 ቶማስ ሴንት የተባለ የለንደን ዕቃ ቤት ሠሪ፣ ማለት እንደኛ አገር አናጢ፣ ለልብስ ስፌት መኪና ፓተንት አወጣ። ያሰበው ግን ለልብስ ሳይሆን ለቆዳ ነበር። ወስፌው አስቀድሞ ይበሳል፣ ክሩ ይከተላል። ሥዕሉ መዝገብ ቤት ተረስቶ ከ80 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በ1874 ተገኘ። ያም ሆኖ የእጅ ስፌት አልጠፋም። ዛሬም ጥሩ ኮርቻ በሁለት መርፌ ይሰፋል።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። እኛ ከመምጣታችን በፊት የለንደን ታክሲ ፈረስ ነበር። ጆሴፍ ሃንሰም ያቺን ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ በ1834 ፓተንት አወጣባት፣ ከተማዋንም ሞላቻት። በ1910 ገደማ የሞተር ታክሲ የፈረሱን ቁጥር በለጠ፣ የመጨረሻው የፈረስ ታክሲ ፈቃድ የተመለሰው ግን በ1947 ነው። ጋሪውን ከፈረሱ ጋር የሚያያይዘው ሁሉ ቆዳ ነው። ልጓሙ፣ ደረት ማሰሪያው፣ መጎተቻው ሁሉ ተሰፍቶ ነው የሚሠራው። መጎተቻ መንገድ ላይ ቢበጠስ ተሳፋሪውም ባለጋሪውም አበቃላቸው። ስለዚህ የእኔ የሙያ አያቶች በየቀኑ ሕይወታቸውን አደራ የሚሰጡት ፊቱን ለማያውቁት ቆዳ ሰፊ ነበር።

ለዚያ ሰፊ ከተማዋ ምን ሰጠችው? ከቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጥቂት እርምጃ ርቃ ጋተር ሌን የምትባል ጠባብ መንገድ አለች፣ የኮርቻ ሠሪዎች ማኅበር አዳራሽ እዚያ ነው። ማኅበሩ በ1395 ከንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ ቻርተር አገኘ። አዳራሹ በ1666ቱ ታላቅ እሳት ነደደ፣ በ1821 እንደገና ተቃጠለ፣ በ1940 ደግሞ በጀርመን ቦምብ ፈረሰ። ሦስት ጊዜም መልሰው ሠሩት። በደጁ ሳልፍ ሁልጊዜ የባንክ ሰዎች ቤት ይመስለኝ ነበር። የቆዳ ሠራተኞች ቤት ነው።

እውነቱን እንናገር ካላችሁ ግን ለንደንም ንጹሕ አይደለችም። ቆዳ ፋቂዎቹን ከወንዙ ማዶ በርመንድሲ ነው የሰደደቻቸው፣ ሽታቸው ወደ ከተማው እንዳይመጣ። ዛሬ ውድ አፓርታማ የሞላበት ያ ሰፈር ኖራና ሽንት ይሸት ነበር። ቆዳ ለማለስለስ የውሻ እዳሪ ከየመንገዱ እየለቀሙ የሚሸጡ ድሆች ነበሩ። የቆዳ ገበያው በ1833 ተከፈተ፣ ሕንፃው ዛሬም ዌስተን ስትሪት ላይ አለ። ታነር ስትሪት፣ ሌዘርማርኬት ስትሪት፣ ሞሮኮ ስትሪት የምንላቸው ሁሉ የቆዳ ስሞች ናቸው። ማለት የፈለግኩት፣ ከተማዋ ሽታውን ጠልታ አርቃዋለች፣ ስሙን ግን መንገድ ላይ ጻፈችው። የልጅ ልጅ በሹክሹክታ እንዲያወራው አላደረገችም።

እኛስ? "ፋቂ" የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ። ቃሉ ሥራ ነው፣ ቆዳ የሚፍቅ ማለት ነው። እኛ ስድብ አደረግነው። ብራና የሚፍቀው የቤተ ክርስቲያን ሰው ሊቅ ነው፣ ቁርበት የሚፍቀው ጎረቤቱ ግን ቡዳ ይባላል። እህል በስልቻው ይሰፈራል፣ በኮርቻው ጦር ይዘመታል፣ በጀንዲው ይተኛል፤ ልጁን ግን ማንም አያገባም። ቄሱ ዳዊቱን በማኅደር አንግቦ ሲሄድ ማኅደሩን የሰፋው ሰው ከርቀት ነው የሚሳለመው።

ይህን ያዩ ንጉሥም ነበሩን። ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን በሾሙበት በ1900 ዓ.ም. ጥር ላይ አዋጅ አወጡ። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እኔን እንደ ሰደበ ይቆጠራል፣ ዳግም ሲሳደብ የተገኘም አንድ ዓመት ይታሰራል የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ወደ አገራችን ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ መኪኖች አንዱን ይዞላቸው አዲስ አበባ ደረሰ። እንደ ሾፌር ይህ ነገር ያስገርመኛል። መኪናውና አዋጁ በአንድ ዓመት ነው የመጡት። መኪናውን ለመድነው፣ ነድተነውም ለንደን ድረስ እንጀራ በላንበት። አዋጁ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም እናቴ ጓዳ አልደረሰም።

ሌላም አለ። ከመቅደላ በ1868 ተዘርፈው የመጡት ብራናዎቻችን፣ 350 ያህሉ፣ ዩስተን ሮድ ባለው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከእንጨት ገበታ ጋር ተሰፍተው በቆዳ የተለበዱ ናቸው። የእኛ ጥራዝ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚበሱ ቀዳዳዎች፣ በአንድ ክር በሁለት ጫፉ መርፌ ተደርጎ ነው የሚሰፋው። ከዚያ በር ስንት ቀን ተሳፋሪ እንዳወረድኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ሁለት መርፌ ከለንደን የተማርኩት እውቀት መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ፈረሷ እንዲህ ተሠራች፣ መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ። መቀመጫው 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 25 ስፋት ያለው ወፍራም ጣውላ ነው፣ ቁመቱ እንደ ወንበር 45። ለሞርሳው መንገድ ላይ ከተጣለ አልጋ ጠንካራውን እንጨት ወሰድኩ። አንዱ መንጋጋ ከመቀመጫው ጋር በኮላና በቡሎን ተያይዞ አይነቃነቅም። ሌላው ከታች በማጠፊያ ተይዟል፣ ወደኋላ ይከፈታል። አፉ ተቀምጣችሁ ደረታችሁ ሥር መድረስ አለበት፣ አለበለዚያ ወገባችሁ ያልቃል። ጠፍሩ የሚንቀሳቀሰውን መንጋጋ ይዞ፣ በቋሚው ውስጥ አልፎ፣ በመቀመጫው ቀዳዳ ወርዶ ከፔዳሉ ይታሰራል።

የመጀመሪያውን አበላሸሁት። ሁለቱ መንጋጋዎች ከላይ እስከ ታች ግጥም እንዲሉ አድርጌ ላግኳቸው። ቆዳ ሳስገባ ይንሸራተታል። ለካ መነካካት ያለባቸው ከንፈራቸው ላይ ብቻ ነው፣ ከዚያ በታች ክፍተት ያስፈልጋል። እንደገና በመላጊያ አስተካከልኩ። ከንፈሩንም ስስ ቆዳ አለበስኩት፣ አለዚያ እንጨቱ የሚሰፋውን ቆዳ ያበላሸዋል።

ማኅደሩን ለመስፋት ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። የበፍታ ክር በሰም አሸሁ፣ ርዝመቱ የስፌቱን አራት እጥፍ። አዲስ ቀዳዳ አልበሳሁም። አያቴ በወስፌ የበሳቸው ቀዳዳዎች አሁንም ነበሩ፣ እኩል በእኩል ተሰልፈው። መርፌዬን በእነሱ አሳለፍኩ። ስስብ እጆቼ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዘረጉ፣ የማውቀው እንቅስቃሴ ነበር።

ትንሿ ልጄ ገብታ "ይሄን ማን ነው የሠራው?" አለችኝ። እናቴ ያለችኝ ትዝ አለኝ፣ አልዋሽም፣ ትንሽ አመነታሁ። ከዚያ "ቅድመ አያትሽ። ቆዳ ሠሪ ነበር" አልኳት። "ዋው፣ እኔንም አስተምረኝ" አለች። እኛ ሦስት ትውልድ የተሸከምነውን ነገር እሷ በአንድ ቃል አወረደችው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ፈረሷ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። እግሯ ፔዳሉ ላይ ስለማይደርስ ከሥሩ ጡብ አድርጌላታለሁ።

እናቴ ይህን ጽሑፍ ሰው ያነብላታል፣ አውቃለሁ። እማዬ፣ ይቅር በይኝ፣ ነገርኳቸው።

እናንተስ ቤት ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገር ሙያ አለ? ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ? ወላጆቻችሁ በሕይወት ሳሉ ደውላችሁ ጠይቁ። ቸር ይግጠመን።