20 በመቶ ከማን?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1966 የዋጋዱጉ ሠራተኛና ተማሪ አደባባይ ወጣ። ቁጣውን የቀሰቀሰው በጀት ነበር፤ የአፐር ቮልታ፣ የዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ፣ መንግሥት የሠራተኞቹን ደመወዝ በ20 በመቶ ሊቀንስ፣ የቤተሰብ አበላቸውንም ሊነካ ወስኗል። ሰልፈኛው ጦሩ ሥልጣን እንዲይዝ ጠየቀ። አገሪቱን በ1960 ለነፃነት ያበቁት ፕሬዚዳንት ሞሪስ ያሜዎጎ በዚያው ዕለት ወንበራቸውን ለሌተና ኮሎኔል ሳንጉሌ ላሚዛና ለቀቁ።

የደመወዙ ጣጣ ከነፃነት ቀድሞ የመጣ ነው። በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች አፍሪካዊው ጸሐፊ ያንኑ ሥራ ከሚሠራው ፈረንሳዊ ያነሰ ይከፈለው ነበር። ሴኔጋላዊው የፓርላማ አባል ላሚን ጌይ በስማቸው የሚጠራውን ሕግ በ1950 አስጸደቁና ሁለቱም በአንድ ሚዛን ይከፈላቸው ጀመር። ለዘመናት የተነፈገ መብት ነበር፤ ሊነቀፍ አይገባውም። ግን ነፃነት ሲመጣ በፈረንሳይ ልክ የተሰፋው የደመወዝ እርከን በማሽላ ገበሬዎች አገር ካዝና ላይ ወደቀ።

ስለዚህ ቅነሳው ያለ ምክንያት አልመጣም። ላሚዛናም ቁጠባውን አልተዉም፤ የገንዘብ ሚኒስትራቸው ጋራንጎ እጅግ ከማጥበቃቸው የተነሳ ሕዝቡ ዘመኑን በስማቸው «ጋራንጎዝ» ብሎ ጠራው። ያሜዎጎን የጎዳቸው አርአያነት ማጣት ነው። ሠራተኛው መቀነት እንዲያጠብቅ የታዘዘው እሳቸው በድጋሚ አግብተው ደማቅ ሠርግ በደገሱ በጥቂት ወራት ውስጥ ነበር።

በዚያው በ1966 ኦክቶበር ላይ በታንዛኒያ የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ወደ ቤተ መንግሥት ተሰለፉ። ከምረቃ በኋላ የታዘዘባቸውን ብሔራዊ አገልግሎት፣ በተለይም በአገልግሎቱ ጊዜ ከደመወዛቸው 40 በመቶውን ብቻ መቀበልን ተቃወሙ። ቅኝ አገዛዝ ይሻል ነበር የሚል መፈክር የያዘም ነበረ።

ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ተቆጡ። ወደ 400 የሚጠጉ ተማሪዎችን ከትምህርት አሰናበቱ፤ ለወጣቶች የከበደ ቅጣት ነበር። ነገር ግን ደመወዛችን በዝቷል ማለትን አልሸሹም። እዚያው ተማሪዎቹ ፊት በወር 5000 ሺሊንግ የነበረውን የራሳቸውን ክፍያ በ20 በመቶ ቀነሱ፤ የሚኒስትሮችና የከፍተኛ ባለሥልጣናት ቅነሳም ተከተለ። የዋጋዱጉን መንግሥት የገለበጠው ቁጥር ዳሬሰላም ላይ ከላይ ወደ ታች ተቆረጠ። በፌብሩዋሪ 1967 የወጣው የአሩሻ መግለጫ ደግሞ የፓርቲና የመንግሥት መሪ ሁለት ደመወዝ እንዳይቀበል፣ ቤትም እንዳያከራይ ከለከለ።