ማሲንቆ የሆነው ሳጥን

ኑማ ጠጋ በሉ፣ የአንድ ሳጥን ነገር ላውጋችሁ።

አጎቴ ከእንግሊዝ አገር ሲመለስ ሸክላ ማጫወቻ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ጋራርድ 301። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ስዊንደን ከተማ ይሠራ የነበረ፣ ሲያዩት የሳሎን ዕቃ ሳይሆን የፋብሪካ መሣሪያ የሚመስል። ታዲያ ፋብሪካው ይሸጥ የነበረው ማሽኑን ብቻ ነው፤ ማረፊያውን ገዢው እንደ አቅሙ ያሠራ! አጎቴ ያሠራውን ምስጥ በላው፣ ማሽኑ ለእኔ ደረሰኝ።

ተሸክሜ ሰፈራችን ካሉ ሽማግሌ አናጺ ዘንድ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ለዚህ ማረፊያ ይሥሩልኝ።"

ገልብጠው ከሥር አዩት። ሞተሩ በሞላ ተንጠልጥሏል። የሞተሩ ዘንግ አንዲት የጎማ መንኮራኩር ያዞራል፣ ጎማዋ ደግሞ ሸክላው የሚያርፍበትን ከባድ ሳህን በውስጥ ጠርዙ በኩል ትገፋለች።

"ቀላል ነው" አሉ። (ከአናጺ አፍ ይህን ቃል ስትሰሙ ቀጠሮውን በሦስት አባዙት።)

የዋንዛ ሳጥን መጣ። በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ፣ ቫርኒሽ ጠጥቶ ያበራል፤ እናቴ ረከቦት መስሏት ሲኒ ልትደረድርበት ነበር። ከአምሃ ሪከርድስ ትንንሽ ባለ 45 ሸክላዎች አንዱን አስቀመጥኩ። ዘፈኑ ከመግባቱ በፊት ባለችው ባዶ ቦታ ላይ ግን ሁምምም... ቀፎ ውስጥ ጆሮዬን የከተትኩ መሰለኝ!

ጋሼን ጠራኋቸው። ማሽኑን አጥፍቼ፣ መርፌውን በቆመው ሸክላ ላይ አሳረፍኩና "እስቲ ሳጥኑን በጣትዎ ይምቱት" አልኳቸው። መቱት። ከድምፅ ማጉያው ድም! አለ፤ ከበሮ በሉት።

ዝም ብለው ቆዩ። "ልጄ፣ እኔ ለካ ማሲንቆ ነው የሠራሁልህ!"

እውነታቸውን ነው። ሆዱ ባዶ፣ ግድግዳው ስስ። የማሲንቆ ሳጥን ከጭራው የተቀበለውን አጉልቶ እንዲመልስ ነው የሚሠራው። የእኛም ሳጥን የሞተሩን ንዝረት ተቀብሎ ለመርፌው ያቀብል ነበር፤ መርፌ ደግሞ ንዝረትን ከዘፈን አይለይም፣ ያገኘውን ሁሉ ያነባል።

ሁለተኛው ሳጥን ሆዱ ድፍን ሆነ። ጋሼ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አምስት ቦታ ቆርጠው፣ በእያንዳንዱ ላይ ለሞተሩ የሚበቃውን ያህል ብቻ በመሮ ፈልፍለው፣ በኮላ አነባበሩት። ሞርሳው አልበቃ ብሏቸው ብሎኬት ጫኑበት። ሲደርቅ ብቻዬን ማንሳት አቃተኝ። ዋንዛውም አልተጣለም፤ ተፈታና በዙሪያው ተለበጠ።

በውሃ ልክ አስተካከልነው። አሁንም በጣታቸው መቱት፤ ጠብ፣ እንደ ሩቅ ጠብታ። ሞተሩን አስነሳሁ። ከዘፈኑ በፊት የአሮጌ ሸክላ ጣ ጣ ብቻ፣ ከዚያ ሳክስፎኑ ገባ።

ጋሼ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅ ሒሳባቸውን ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

"ቆይ" አሉ፣ "ሌላውን ፊቱን አዙረውማ።"